ነጠላውና ፊቱ፦ በሮው ፎቶ ላይ ቶን ከርቭና የቀለም እርማት እንዴት ይሠራሉ?

መግቢያ

በትምህርት ክፍላችን የፎቶግራፍ ኮርስ የወሰድን ሁሉ ቶን ከርቭ የሚባለውን ሰያፍ መስመር ቢያንስ አንድ ቀን በማውስ ይዘን ጎትተነዋል። ወደ ላይ ሲጎተት ፎቶው ይበራል፤ ወደ ታች ሲጎተት ይጨልማል። በቃ፣ የብዙዎቻችን እውቀት እዚህ ላይ ያበቃል። የእኔም እዚሁ ያበቃ ነበር። ከዚያ ያለፈ ነገር እንዳለ ያሳወቀኝ መጽሐፍ ሳይሆን የአያቴ ጥያቄ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ለእረፍት አገር ቤት ሄጄ አያቴን ከቤታቸው በራፍ ላይ፣ ጥላው ውስጥ በርጩማ ላይ እንደተቀመጡ ፎቶ አነሳኋቸው። ቀይ ጥለት ያለው ነጭ ነጠላ ለብሰዋል። ከኋላቸው የሚታየው የቤቱ ውስጥ ጨለማ ነው። አንገታቸው ላይ በልጅነታቸው የተነቀሱት ንቅሳት አለ። ካምፓስ ተመልሼ ፎቶውን በኮምፒዩተር ስከፍተው ነጠላው ጥሩ ነው፤ ፊታቸው ግን ጨልሟል። እኔም ምን ቸገረኝ፣ ከርቩን ከታች በኩል ያዝኩና ፊታቸው ደህና አድርጎ እስኪበራ ድረስ ወደ ላይ ሳብኩት። ከዚያ አሳትሜ በሚቀጥለው እረፍት ይዤላቸው ሄድኩ።

አያቴ ፎቶውን ወደ ብርሃኑ ዘወር አድርገው ትንሽ አዩትና፣ «ይቺ ደግሞ ማናት? አመድ የነሰነሱባት!» አሉ። ቀጥለውም በጣታቸው አንገታቸውን ነክተው፣ «ንቅሳቴንስ ማን ፋቀው?» ብለው ጠየቁኝ። ቤት ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ መልስ ግን አልነበረኝም። ፊታቸው በርቷል፤ ታዲያ ለምን አመድ መሰለ? ንቅሳቱን እኔ አልነካሁትም፤ ታዲያ የት ገባ? ይህ ጽሑፍ ለእነዚህ ለሁለት ጥያቄዎች የተሰጠ፣ ትንሽ የዘገየ መልስ ነው።

ሮው ፋይል ምን ይዟል?

ወደ ከርቩ ከመግባታችን በፊት ስለ ሮው ፋይል ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ሮው ማለት ጥሬ ማለት ነው። ጄፔግ ካሜራው ራሱ ሠርቶና ቀምሞ የሚያቀርብልን ወጥ ከሆነ፣ ሮው ከሴንሰሩ እንደወጣ የተቀመጠ ጥሬ እህል ነው።

ሴንሰሩ በራሱ ቀለም አያውቅም፤ የሚያውቀው የብርሃን መጠን ብቻ ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ቀይ፣ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ማጣሪያ ይደረግበታል። በአብዛኞቹ ካሜራዎች ላይ የሚገኘውን የማጣሪያ አደራደር የፈጠረው የኮዳክ ባልደረባ የነበረው ብራይስ ባየር ሲሆን፣ የፈጠራ መብቱ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። ከነጥቦቹ ግማሹ አረንጓዴ፣ ሩቡ ቀይ፣ ሩቡ ሰማያዊ ነው። ሮው የሚከፍተው ሶፍትዌር በእያንዳንዱ ነጥብ የጎደሉትን ሁለት ቀለሞች ከጎረቤት ነጥቦች እየገመተ ይሞላል።

ሮው ብዙውን ጊዜ 12 ወይም 14 ቢት ነው። 12 ቢት 4,096፣ 14 ቢት ደግሞ 16,384 የብርሃን ደረጃ ሊለይ ይችላል። የተለመደው ጄፔግ ግን 8 ቢት ስለሆነ ለእያንዳንዱ ቀለም ያለው 256 ደረጃ ብቻ ነው። ጨለም ያለ ፊትን በጄፔግ ላይ ስንጎትት ፊቱ ደረጃ ደረጃ እየሠራ የሚሰነጣጠቀው ለዚህ ነው። የሚጎተት ነገር የለማ!

ሌላው ቁም ነገር፣ ሮው የብርሃኑን ቁጥር የሚያስቀምጠው እንደወረደ መሆኑ ነው። ብርሃኑ እጥፍ ሲሆን ቁጥሩም እጥፍ ይሆናል። ዓይናችን ግን እንደዚያ አያይም። ጨለማ ቤት ውስጥ በአንድ ሻማ ላይ ሌላ ሻማ ቢጨመር ወዲያው ይታወቀናል፤ በ100 ሻማ ላይ አንድ ቢጨመር ግን ማንም ልብ አይለውም። ስለዚህ የሮው ቁጥሮች እንዲሁ ስክሪን ላይ ቢቀመጡ ፎቶው ጨለማ ይሆናል። ለዓይን እንዲስማማ ካሜራውም ሆነ ሶፍትዌሩ ሳይጠይቁን የራሳቸውን ከርቭ ያደርጉበታል። ከዚህ የምንረዳው «እኔ ምንም አልነካካሁትም» የሚባል ፎቶ አለመኖሩን ነው። እኛ ካልነካካነው ሌላ ሰው አስቀድሞ ነካክቶልናል።

የአያቴ ፊት መጀመሪያ የጨለመውም በዚሁ ዓይነት ነው። የካሜራ ብርሃን መለኪያ ፊት ለፊቱ ያለው ነገር በአማካይ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ይነሳል። ሰፊ ነጭ ነጠላ ሲያይ «ብርሃን በዛ» ይልና ይቀንሳል። ነጠላው ይተርፋል፤ የተጎዳው ፊቱ ነው።

ከርቩን ማንበብ፦ አቀበትና ሜዳ

ለመሆኑ ቶን ከርቭ ምንድን ነው? ባለ ሁለት ዘንግ ግራፍ ነው። አግድሙ ፎቶው ውስጥ የነበረውን ብርሃን ከ0 (ድቅድቅ ጥቁር) እስከ 100 (ንጹሕ ነጭ) ያሳያል። ቋሚው ደግሞ ያ ብርሃን በመጨረሻ የት እንዲደርስ እንደምንፈልግ ይናገራል። መስመሩ ከታች ግራ ወደ ላይ ቀኝ ቀጥ ብሎ ከወጣ ምንም አልተለወጠም፤ 30 የነበረው 30፣ 70 የነበረው 70 ነው።

እኛ ተማሪዎች የምንሳሳተው የመስመሩን ከፍታ ብቻ ስለምናይ ነው። ከፍታው የሚነግረን ነገሩ ምን ያህል እንደሚበራ ነው። በዚያ ብርሃን ውስጥ ያሉት ነገሮች እርስ በርሳቸው ምን ያህል እንደሚለያዩ የሚነግረን ግን የመስመሩ አቀበትነት ነው። መስመሩ አቀበት የሆነበት ቦታ ያለ ነገር ሁሉ ጎልቶ ይለያያል፤ ሽብሽብታው፣ ጥላው፣ ንቅሳቱ ይታያል። መስመሩ ሜዳ የሆነበት ቦታ ያለው ግን ይደፈጠጣል።

አሁን ዋናው ነገር መጣ። አቀበት በነጻ አይገኝም። መስመሩ ከ0 ተነስቶ 100 ላይ መድረስ ስላለበት በጠቅላላው ያለን አቀበት ውስን ነው። ለምሳሌ ከ20 እስከ 50 ያለውን ክፍል አንድ ተኩል ጊዜ ብናዳፋው 30 የነበረው ስፋት 45 ይሆናል። ለቀረው 70 የሚተርፈው 55 ብቻ ነው። ማለትም በሌላው ቦታ ያለው ልዩነት በአማካይ ከአምስት አንድ እጅ ያህል ቀንሷል። ከርቭ ማስተካከል ማለት እንግዲህ እንደ ቤተሰብ ባጀት ነው። ለአንዱ ሲጨመር ከሌላው ይነሳል። ጥያቄው «ላብራው ወይስ ላጨልመው?» ሳይሆን «ለማን ልስጥ፣ ከማን ልውሰድ?» ነው።

የአያቴ ፎቶ በቁጥር

ይህን ካወቅኩ በኋላ ያንን ፋይል እንደገና ከፈትኩት። የምጠቀመው ሮውቴራፒ የተባለውን ነጻ ሶፍትዌር ነው። በላይትሩም ወይም በዳርክቴብል ለሚሠራም ሐሳቡ ያው ነው። ማውሱን በፎቶው ላይ እያንቀሳቀስኩ ቁጥሮቹን ጻፍኩ። የቤቱ ውስጥ ጨለማ ከ0 እስከ 10፣ የአያቴ ፊትና አንገት ከ15 እስከ 35፣ ነጠላው ከ80 እስከ 97 ነው። ከ35 እስከ 80 ባለው ሰፊ ቦታ ላይ ከበሩ መቃን በቀር ይህ ነው የሚባል ነገር የለም። ንቅሳቱ ከዙሪያው ቆዳ የሚለየው በ4 ቁጥር ብቻ ነበር።

የመጀመሪያው ስህተቴ ወዲያው ታየኝ። ከርቩን የያዝኩት በጣም ከታች ስለነበር 15 የነበረው 43፣ 35 የነበረው ደግሞ 53 ሆኗል። የ20 ስፋት የነበረው ፊት ወደ 10 ተጨፍልቋል። የንቅሳቱ 4 ቁጥር 2 ሆነ፤ ወረቀት ላይ ሲታተም 2 ቁጥር ማን ያየዋል? አቀበቱን ሁሉ የሰጠሁት ለቤቱ ጨለማ ነው፤ እዚያ ደግሞ ከጥላሸትና ከሴንሰር ጉርብጥብጥታ በቀር ምንም የለም። ፊታቸውን ያስቀመጥኩት ሜዳ ላይ ነው።

ሁለተኛውን ከርቭ እንዲህ ሠራሁት። 15ን 20 ላይ፣ 35ን 52 ላይ አደረግኩ። 80ን 80 ላይ፣ 97ንም 97 ላይ ቸነከርኩ። ውጤቱን እንመልከት። የፊቱ ስፋት ከ20 ወደ 32 አደገ፤ አቀበቱ 1.6 ነው። የንቅሳቱ 4 ቁጥር ወደ 6.4 ወጣ። ነጠላው ከ80 እስከ 97 እንደነበረው ስለቆየ የሽመናው ክር አልተነካም። ዋጋውን የከፈለው ከ35 እስከ 80 ያለው ባዶ ቦታ ነው፤ የ45 ስፋት ወደ 28 ወርዷል። መቃኑ ትንሽ ደብዝዟል፤ እሱን ግን ማንም ቀረበት ብሎ አያለቅስም። (መስመሩ በነጥቦቹ መካከል ስለሚታጠፍ ቁጥሮቹ ግምታዊ ናቸው።)

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። በሁለቱም ፎቶዎች የፊታቸው ብሩህ ክፍል ያረፈው እኩል ቦታ ላይ ነው፤ አንዱ 53፣ ሌላው 52። በብርሃን መጠን ከተባለ ልዩነት የላቸውም። አንደኛው ግን አመድ ነው፣ ሁለተኛው ሰው ነው። በተጨማሪም ፊታቸውን ከ52 በላይ አልወሰድኩትም። ፊትን ማብራት ሌላ፣ ፊትን ማንጣት ሌላ ነው። አያቴ ጠይም ናቸው፤ ጠይም ሆነው ነው መታየት ያለባቸው።

አመዱ ከየት መጣ?

ንቅሳቱ የት እንደገባ አወቅን። አመዱስ? ብዙ ሰው ከርቭ ብርሃንን ብቻ የሚነካ ይመስለዋል። ሆኖም የተለመደው ከርቭ የሚሠራው በቀዩ፣ በአረንጓዴውና በሰማያዊው ላይ ለየብቻ ነው። ቀለም ማለት ደግሞ በእነዚህ በሦስቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ሦስቱ እኩል ከሆኑ ግራጫ ነው።

የአያቴን ጉንጭ አንድ ነጥብ እንውሰድ፦ ቀይ 35፣ አረንጓዴ 25፣ ሰማያዊ 19። በቀዩና በሰማያዊው መካከል 16 ልዩነት አለ፤ ያ ነው ፊቱን የሚያሞቀው። በመጀመሪያው ከርቭ ይህ ነጥብ ቀይ 53፣ አረንጓዴ 48፣ ሰማያዊ 45 ሆነ። ልዩነቱ 8 ብቻ ነው። ሦስቱ ቀለሞች ተጠጋጉ፣ ግራጫው ቀረበ። አመዱ ይኸው! በሁለተኛው ከርቭ ግን 52፣ 36 እና 26 ገደማ ይሆናሉ፤ ልዩነቱ ከ25 በላይ ነው። አቀበት ልዩነትን ብቻ ሳይሆን ቀለምንም ያወፍራል፤ ሜዳ ቀለምን ያሳሳል።

ሲበዛም ችግር አለው። በሁለተኛው ከርቭ ጉንጫቸው ትንሽ ወደ ብርቱካናማ አጋደለብኝና የቀለም ሙላቱን በጥቂቱ ቀነስኩ። የጥለቱ ቀይ ደግሞ ከቦታው ፈቀቅ አለ፤ ምክንያቱም የቀዩ ቁጥር ያረፈው በአንዱ የከርቩ ክፍል፣ የአረንጓዴውና የሰማያዊው ቁጥር ደግሞ በሌላው ላይ ነው። ለዚህ ሮውቴራፒ ለከርቩ የተለያዩ የአሠራር ምርጫዎችን ይሰጣል፤ የቀለሙን ዓይነት ሳይለውጥ የሚሠራ አለ፣ ብርሃኑን ብቻ የሚነካም አለ። አንዱ ፎቶ ላይ የተስማማ ሌላው ላይ ላይስማማ ስለሚችል እየቀያየሩ ማየት ነው።

ዋይት ባላንስ ይቅደም

ለአመዱ ሌላም ተባባሪ ነበረው። አያቴ የተቀመጡት ጥላ ውስጥ ነው፤ እኔ ደግሞ ካሜራውን በፀሐይ ላይ ትቼዋለሁ። የብርሃን ቀለም በኬልቪን ይለካል። የሻማ ብርሃን ወደ 1,900፣ የድሮው አምፖል ወደ 2,850፣ የቀን ፀሐይ ወደ 5,500 ይጠጋል። ጥላ ግን ብርሃኑን የሚያገኘው በአብዛኛው ከሰማያዊው ሰማይ ስለሆነ ወደ 7,000 እና ከዚያም በላይ ይሄዳል። ቁጥሩ ባደገ መጠን ብርሃኑ ይሰማያዊል። ስለዚህ በጥላ የተነሳ ፊት ሰማያዊ ሽፋን ይለብሳል፤ በጠይም ፊት ላይ ሰማያዊ ሲያርፍ ደግሞ አመድማ ይሆናል።

በሮው ላይ ይህን ማረም ቀላል ነው። ሶፍትዌሩ የሚያደርገው የቀዩንና የሰማያዊውን ቁጥር በተወሰነ መጠን ማባዛት ነው። ቀላል ያልሆነው ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ነው። ዋይት ባላንሱ ሳይስተካከል ከርቭ ከጀመርን ሦስቱ ቀለሞች ከርቩ ላይ የሚያርፉት የተሳሳተ ቦታ ነው፤ ያንን ለማረም ሌላ ከርቭ፣ እሱን ለማረም ደግሞ ሌላ እያልን እንቀጥላለን።

«ነጠላው ነጭ ስለሆነ እሱ ላይ ክሊክ ላድርግ» የሚል ይኖራል። ለመነሻ ይጠቅማል፤ መታመን ግን የለበትም። ጥጥ በተፈጥሮው ክሬም መሰል ነው፤ ብዙ የልብስ ሳሙና ደግሞ ልብሱን ነጭ ለማስመሰል ሰማያዊ ብርሃን የሚሰጥ ነገር ይጨመርበታል። የሚሻለው ግራጫ ካርድ ይዞ ሄዶ አንድ ፎቶ ከካርዱ ጋር ማንሳት ነው። ካርድ ከሌለ ከነጠላው ተነስቶ ፊት ላይ መጨረስ ነው። የቪዲዮ ባለሙያዎች የሚያውቁት አንድ ነገርም ይረዳል። የሰው ቆዳ ከጥቁር እስከ ነጭ በብርሃን መጠን እጅግ ቢለያይም በቀለም አቅጣጫው ይቀራረባል። ሁላችንንም የሚያቀልመን አንድ ዓይነት ነገር ነውና፤ ሜላኒንና ከቆዳችን ሥር ያለው ደም።

የማን ፊት መለኪያ ሆነ?

አንዳንድ አንባቢ «አውቶ የሚለውን ተጭኖ መገላገል አይቻልም ወይ?» ሊል ይችላል። አውቶ ማለት ግን ሌላ ሰው በሌላ ፊት ላይ የመረጠው ውሳኔ ነው። በፊልም ዘመን የፎቶ ማጠቢያ ቤቶች ቀለማቸውን የሚያስተካክሉት ኮዳክ በሚልክላቸው «የሸርሊ ካርድ» በሚባል የሴት ፎቶ ነበር። ስሙ የተወሰደው መጀመሪያ ከተነሳችው የድርጅቱ ሠራተኛ ሲሆን፣ ለብዙ ዓመታት በካርዱ ላይ የነበሩት ነጭ ሴቶች ናቸው። ካናዳዊቷ ተመራማሪ ሎርና ሮት እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመችው ጥናት እንዳሳየችው፣ ፊልሙ ቡናማ ቀለሞችን በሚገባ እንዲለይ ግፊት ካደረጉት መካከል የቸኮላትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ይገኙበታል። የቸኮላቱ ዓይነትና የእንጨቱ ጅማት አልለይ ስላላቸው ማለት ነው። ዛሬ ነገሩ እየተሻሻለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ጉግል ከሶሲዮሎጂ ምሁሩ ከኤሊስ መንክ ጋር ያወጣው የቆዳ ቀለም መለኪያ 10 ደረጃ አለው። ቢሆንም የትኛውም አውቶ የአያቴን ንቅሳት አያውቀውም። የማውቀው እኔ ነኝ።

የምከተለው ቅደም ተከተል

ለጀማሪ ጓደኞቼ ይጠቅም እንደሆነ አሁን የምሠራበትን መንገድ ላስቀምጥ።

1ኛ. ሳነሳ ነጩ ልብስ እንዳይቃጠል እጠነቀቃለሁ። የተቃጠለ ነጭ በሮውም አይመለስም። በ14 ቢት ሮው ላይ የጨለመ ፊት ግን ብዙ ደረጃ ስለሚይዝ ይመለሳል።

2ኛ. ከሁሉ በፊት ዋይት ባላንስ።

3ኛ. ማውሱን ይዤ ዋና ዋና ነገሮች የትኛው ቁጥር ላይ እንዳሉ እጽፋለሁ። ሂስቶግራሙ ላይ ባዶ የሆነውን ቦታ እፈልጋለሁ።

4ኛ. አቀበቱን ለፊቱ እሰጣለሁ፤ የምወስደው ከባዶው ቦታ ነው። ነጩን በሁለት ነጥብ እቸነክራለሁ።

5ኛ. በመጨረሻ የቀለም ሙላቱን አያለሁ፤ ያወፈረውን አሳሳለሁ።

6ኛ. ተነስቼ ሻይ እጠጣለሁ። ዓይን ስክሪን ላይ ቶሎ ይለምዳል፤ ስመለስ ስህተቴ ይታየኛል።

ማጠቃለያ

አያቴ ሁለተኛውን ፎቶ አላዩትም። አመድ ያሉትን ፎቶ ባሳየኋቸው በዓመቱ አረፉ። ለለቅሶው የሚቀመጥ ፎቶ ሲፈለግ ቤት ውስጥ የተገኘው ያው የእኔ አመዳም ፎቶ ነበር። ደግነቱ ሮው ፋይሉን አላጠፋሁትም። በሮው ላይ የምናደርገው ማስተካከያ ዋናውን ፋይል አይነካም፤ የፈለግን ጊዜ ከመጀመሪያው መጀመር እንችላለን። እላይ የዘረዘርኩትን ሁሉ የሠራሁት በዚያ ሌሊት ነው። ጠዋት አሳትሜ ይዤ ስገባ አክስቴ ፎቶውን ተቀብላ አንገቱ ጋ በጣቷ ዳሰስ አደረገችና «አዎ፣ እማዬ ናት» አለች። ሌላ ምንም አላለችም።

ስለዚህ ጓደኞቼ፣ ቦታ ያዘብኝ ብላችሁ ሮው ፋይላችሁን አታጥፉ። ከርቩንም ከመጎተታችሁ በፊት በዚያ ፎቶ ውስጥ ያለው ሰው «እኔን ነው ወይ?» ብሎ ቢጠይቃችሁ ምን እንደምትመልሱ አስቡ። ቸር እንሰንብት።